መኪና ያስጌጡ የነበሩት የአቶ ሙሉሰው ተክለየስ የሕይወት ታሪክ

የአቶ ሙሉሰው ባለቤት ደብሪቱ ከጉሮሮዋ አልወርድ ያለ ነገር ይዛ አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላት ነው። ከትናንት በስቲያ ማክሰኞ ደግሞ ሌላ ተጨመረበት። ይህ ጽሑፍ ሊጀመር ሲል የሟች ታላቅ ወንድም አቶ ፍሬሰንበት ከድሬዳዋ ወደ ሀርጌሳ ደውለው፣ «ደብሪቱ፣ በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር በዪና እለፊው። የመኪናውን ነገር ለቀስተኛ ፊት አታንሺብን» አሏት። ደብሪቱ የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አንድ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት የሠራው ሥራ ስሙ ተደብቆ እንዴት እንደሚጻፍ አላስተማሯትም። ስለዚህ እንደነበረው ጽፋዋለች።

አቶ ሙሉሰው ከአባታቸው ከአቶ ተክለየስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ረድኢት፣ ጥቅምት 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ ለገሀሬ ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። አባታቸው በምድር ባቡር ብረት በያጅ ስለነበሩ የብየዳ መነጽር የለመዱት በልጅነታቸው ነው። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው ጋራዥ ገቡ። መበየድና ቀለም መርጨት ተማሩ። ታላቃቸው ኮሌጅ ሲገቡ የተጫሙት ጥቁር ቆዳ ጫማ ከዚህ ጋራዥ ደመወዝ የተገዛ ነው። አቶ ሙሉሰው ይህን በሕይወታቸው ለማንም አልተናገሩም። ደብሪቱ የሰማችው ከእናታቸው ነው።

በ1995 ዓ.ም. በድንበሯ ከተማ በውጫሌ በኩል አድርገው ሀርጌሳ ገቡና ሼክ ኑር በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራዩ። እዚያ አገር መኪና የሚሄደው እንደኛው ቀኙን ይዞ ነው፤ መሪው ግን እንደኛው በግራ ሳይሆን በቀኝ ነው፣ ከውጭ ሲመጣ እንደዚያ ሆኖ ነውና። ሾፌሩ የሚቀመጠው በመንገዱ ዳር በኩል ስለሆነ ከፊቱ ያለውን ከባድ መኪና ለመቅደም ሲፈልግ የሚመጣውን አያይም። አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው «ልለፍ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። አቶ ሙሉሰው ይህን ገና ሳያጤኑት የመጀመሪያ ሥራቸውን ተቀበሉ። ባለመኪናው ከበርበራ ወደብ ዕቃ የሚያመላልሱት፣ ጅግጅጋ የተማሩትና አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩት አቶ ፋራህ ነበሩ። በፒካፓቸው ኮፈን ላይ ክብ መስታወት እንዲተከልላቸው አዘዙ። አቶ ሙሉሰውም ድሬዳዋ እንደለመዱት በቀኝ ጫፍ ተከሉት። አቶ ፋራህ ገብተው ተቀመጡ፣ አዩ፣ ደግመው አዩ። ከዚያ «ሙሉ፣ ይሄ የሚያሳየኝ ሱቅና ፍየል ብቻ ነው። ገበያ ልታስወጣኝ ነው እንዴ?» አሉ። ጋራዡ በሙሉ ሳቀ።

አቶ ሙሉሰው አልተከራከሩም። ቀዳዳውን ደፍነው፣ ቀለሙን መልሰው፣ የነበረበት እንኳ እንዳይታወቅ አደረጉት። ከዚያ መስታወቱን በግራ ጫፍ ተክለው፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና ለሾፌሩ እንዲያሳይ አዙረው አሰሩት። ዙሪያውን በሚያብለጨልጭ ብረት ከበቡት። አቶ ፋራህ በርበራ ደርሰው ሲመለሱ፣ «ወላሂ፣ በዚህ መንገድ ላይ ሚስቴን ልለፍ ወይ ስል ነው የኖርኩት። አሁን ተኮራርፈንም መሄድ እንችላለን» አሉ። ከዚያ በኋላ ሥራ አልጠፋም።

ደብሪቱ ያኔ ሼክ ኑር ለሾፌሮች ምሳ ትሸጥ ነበር። አንድ ቀን አቶ ሙሉሰው ምሳቸውን ትተው የበሯን መጋረጃ ጠርዝ ሲያገላብጡ አገኘቻቸው። «ይህን የሰፋሽው አንቺ ነሽ? ለመኪና መቀመጫ ትሰፊልኛለሽ?» አሏት። «መኪና ደግሞ ልብስ ይለብሳል?» ብትላቸው፣ «ሀርጌሳ ይለብሳል» አሏት። በ1998 ዓ.ም. ተጋቡ። በ2000 ዓ.ም. ልጃቸውን ኪዳናዊትን ወለዱ። መሐመድ ሞጌ ሰፈር ውስጥ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱና እሳቸው ከውጭ፣ እሷ ከውስጥ መኪና ሲያለብሱ ኖሩ።

የፊት መከላከያውን ከቧንቧ አጣጥፈው ይበይዱታል። ጣራው ላይ ስድስት ፓውዛ ይደረድራሉ። ቸርኬ ይቀይራሉ፣ ፒካፑን ከመሬት ከፍ ያደርጉታል። በጎንና በጎኑ ከፊት መብራት እስከ ኋላ መዝጊያ የሚሄደውን ቀይና ወርቃማ መስመር ያለ ማስመሪያ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው በአንድ ጊዜ ይስቡታል። እሷ ደግሞ መቀመጫውን በቀይ ከፋይ ትሸፍናለች፣ ለዳሽቦርዱ ዘርፍ ትሰፋለች። ዓርብ ከአሥር ሰዓት በኋላ ባለፒካፖቹ ታጥበው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ በአየር ማረፊያው መንገድ ላይ ተሰልፈው ቀስ እያሉ ያልፋሉ። ሰው ወጥቶ ያያቸዋል። አቶ ሙሉሰው ከመንገዱ ዳር እጃቸውን አጣምረው ቆመው የሰው ሥራ ሲያልፍ ዝም፣ የራሳቸው ሲያልፍ ደግሞ የባሰ ዝም ይሉ ነበር። ደብሪቱ ግን ታጨበጭብ ነበር። አሁንም ብትሆን ታጨበጭባለች።

በሰኔ 2006 ዓ.ም. የእናታቸው የአርባ ቀን ተዝካር ሲወጣ ፈቃድ አውጥተው በራሳቸው ፒካፕ ድሬዳዋ መጡ። ጤፍና ሽንኩርት ጭነው ስለነበር ከድንኳኑ ፊት አቆሙት። አቶ ፍሬሰንበት ከእንግዶቻቸው መካከል ተነሥተው፣ «ሰው እናታችንን ሊያስብ ነው የመጣው ወይስ ሙሽራ ሊቀበል? አንሣልኝ ይሄን» አሉ። ከመሥሪያ ቤታቸው የመጣ አንድ ሰው ወንድምህ ምን ይሠራል ብሎ ሲጠይቃቸው ደግሞ፣ «እሱማ የሰው ብረት ይኩላል» ብለው መለሱ። ድንኳኑ ሳቀ። አቶ ሙሉሰው ፒካፑን ከግንቡ ጀርባ አቁመው ተመለሱና የእነዚያኑ ሰዎች እጅ አስታጠቡ። ደብሪቱ በመመለሻው መንገድ ላይ ስታለቅስ፣ «ተይው፣ ታላቄ ነው» ብቻ አሏት። እሷ ግን አልተወችውም።

አንዳንድ የሚያውቋቸው ሰዎች ሊያጽናኗት ሲፈልጉ፣ መስታወቱ እኮ የስንት ሾፌር ሕይወት አትርፏል፣ እሱን ጻፊው ይሏታል። እውነት ነው፣ ጽፋዋለች። መስመሩና ፓውዛው ግን የማንንም ሕይወት አላተረፉም። ያማሩ ነበሩ፣ በቃ። ቀኑን ሙሉ በአቧራ ውስጥ ሲሚንቶ ሲያመላልስ የዋለ ሰው ዓርብ ቀን አምሮ ቢታይ ምን ነውር አለው? አቶ ሙሉሰው እንደዚያ ያሳመሯቸው መኪኖች ከአራት መቶ በላይ ናቸው፤ አንድም ባለቤት ተቀይሞ የመለሰው የለም።

አቶ ሙሉሰው ባለፈው ዓመት ሳል ጀመራቸው። ሐኪሞች ሳንባቸው መጎዳቱን ነግረዋቸው ቀለም መርጨት ቢያቆሙም መስመር መሳባቸውን አላቆሙም። በሀርጌሳ ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተው ሰኞ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ። አስከሬናቸውን በሮመዳን ጾም አፋቸው ደርቆ ከሀርጌሳ ድሬዳዋ ድረስ ያመጡት አቶ ፋራህ ናቸው፤ ቤተሰቡ ያመሰግናቸዋል። ከአቶ ሙሉሰው በኋላ የቀሩት ባለቤታቸው ደብሪቱ፣ ልጃቸው ኪዳናዊትና ወንድማቸው አቶ ፍሬሰንበት ናቸው። የዚህን ጽሑፍ ፊደል ያቃናችው ኪዳናዊት ናት፤ ነገሩን ግን እናቷ አላስነካቻትም።

በዚህ ቤተሰብ ልማድ የሟችን የሕይወት ታሪክ የሚያነበው ታላቅ ነው፤ ታላቅ እያለ ሌላ ሰው ወረቀቱን አይነካም። ደብሪቱ ይህን ታውቃለች። ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን ከማተሚያ ቤት አውጥታ አስቀድማ ለለቀስተኛው ሁሉ አደለች። የመጨረሻውን ቅጂ ጸሎቱ ሲያበቃ ለአቶ ፍሬሰንበት ሰጠቻቸው። አጥፋ ስለሰጠቻቸው ሳያዩት ተቀበሉ። እንግዲህ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ይህን ሲያነቡልን የቆዩት እሳቸው ናቸው። መዝለል አይቻልም፤ ሕዝቡ በጣቱ እየተከተለ ነው። አቶ ፍሬሰንበት፣ የቀረው ጥቂት ነው፤ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይጨርሱት።

ወንድሜ ሙሉሰው መኪና ያስጌጥ ነበር። ሥራው ይህ ነበር፤ ያውቅበትም ነበር። አምላክ ነፍሱን በክብር ይቀበልልኝ።