ሥራ የማይሠራው ኃይል

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? የእናታችን ጉልበት ተሻላት ወይ? የአባታችንስ ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ አደጉልሽ? እኔ ጌታ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ለእናታችን ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ የምታነቢላት እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው። ከዚህ በታች ያለውን ለብቻሽ አንብቢው።

እህቴ፣ ደህና አይደለሁም። ጭንቅ ውስጥ ነኝ።

ከጉርድ ሾላ ወረድ ብሎ ያለው የዱቄት ፋብሪካችን ለድርቅ ተጎጂዎች የሚላከውን እህል ሌት ተቀን ይፈጫል። በዚህ መሀል ሁለት የወፍጮ ሞተሮች ተከታትለው ተቃጠሉ። ድሮ ሞተር ተቃጠለ ነበር የሚባለው፤ ዛሬ ማን አቃጠለው ነው። አሻጥር የሚለው ቃል ከየአፉ መውጣት ጀመረ። የመብራት ሠራተኛው እኔ ነኝና ሁሉም የሚያየው እኔን ነው።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ወፍጮዎቹ ከትራንስፎርመሩ በጣም ይርቃሉ። ሦስቱ ፌዞች፣ ማለትም ኃይሉን የሚያመጡት ሦስቱ ሽቦዎች፣ ከምሰሶው ሲነሱ ሙሉ ናቸው፤ ሞተሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲነሱ ግን ቮልቴጁ መንገድ ላይ እየወረደ፣ ወፍጮው ዘንድ ሲደርስ ደክሞ ይገኛል። ሞተሩም ያንኑ ሥራ ለመሥራት ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ በመጨረሻ ይቃጠላል። ይባስ ብሎ ሞተር ከሚሠራበት ኃይል ሌላ፣ ማግኔት ለመሆን ብቻ የሚመላለስ ኃይል ይጠራል። አንበሳ አውቶቡስ ላይ ወጥቶ የትም ሳይወርድ ቀኑን ሙሉ እንደሚመላለስ ሰው ቁጠሪው፤ ወንበር ይዟል፣ ጉዳይ ግን የለውም። በሙያችን ፓወር ፋክተሩ ወረደ የምንለው ይህ ሲበዛ ነው። ካፓሲተር የሚባል ዕቃ ሞተሩ አጠገብ ቢታሰር ያንን ተመላላሽ እዚያው ያስተናግደዋል፤ ሽቦው ይቀለዋል፣ ቮልቴጁም ከፍ ይላል። ካፓሲተሮቹ ደግሞ ድሮ ተገዝተው ግምጃ ቤት ውስጥ አቧራ ጠጥተው ተቀምጠዋል።

ማክሰኞ በውይይት ክበብ ላይ አስረዳ ተባልኩ። አፌን መቼም ታውቂዋለሽ። ተነሳሁና፣ ሥራ የማይሠራ ኃይል አለ፣ ከላይ ይመጣል፣ ምንም ሳይሠራ ይመለሳል፣ መስመሩን ያጨናነቀው እሱ ነው፣ መስመሩም በጣም ደክሟል አልኩ። እኔ ከላይ ስል ምሰሶው ላይ ያለውን ትራንስፎርመር ማለቴ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ጉልበቴን ሲቆነጥጠኝ ነው ያልኩት ነገር የገባኝ። ክበቡን የሚመራው የፋብሪካችን ካድሬ ግን አልተቆጣም፤ ብዕሩን አውጥቶ ጻፈና ረጋ ብሎ፣ «ጓድ፣ ይህ ሥራ የማይሠራ ኃይል እነማን ናቸው? ስም በስም ጽፈህ ሰኞ ታመጣልኛለህ» አለኝ።

ሞተር ነው ብል፣ ማግኔት ነው ብል ማን ይስማኝ። በሥራ አሳይቼ ልዳን ብዬ ወደ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሄድኩ። የትግራይ ልጅ ነው። ያለ ፊርማ ብሎን እንኳ የማይሰጥ ሰው፣ ፊቴን አይቶ ካፓሲተሮቹን ያለ ፈቃድ አወጣልኝ። ሐሙስ ዕለት አሰርኳቸው። መብራቱ ፈካ፤ ሞተሩን ብነካው ለብ ብሏል እንጂ አይፋጅም። ደስታዬን ምን ልበልሽ። ካድሬው መጥቶ አየና፣ እንግዲያው ያ ኃይል ስሙ ሊጠራ መሆኑን ሲያውቅ ተደበቀ ማለት ነው አለ። ቀጠለና፣ ዕቃዎቹን እስካሁን ግምጃ ቤት ሸሽጎ ያቆያቸው ማን ነው ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ምን እንድል እንደፈለገ ገባኝ።

በዚህ ጊዜ የግምጃ ቤቱን ሰው ስም ብጽፍ ሌላ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም፤ ስሙ ብቻ ይበቃዋል። እኔም እድናለሁ። አልዋሽሽም፣ አስቤዋለሁ፤ አስቤው ራሴን ጠላሁት። የልጆች አባት ነው፤ ለኔ ብሎ ነው ጣጣ ውስጥ የገባው። ሰኞ የምሰጠው ወረቀት ተዘጋጅቷል። የጻፍኩበት የወፍጮው ሞተር፣ የማበጠሪያው ሞተር፣ የእህል ማንሻው ሞተር ብቻ ነው። አላገጥክብኝ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? እህል አልወርድ ብሎኛል። ኦሎምፒያ ካለው ቤቴ ስወጣ ከኋላዬ መኪና ካዘገመ እስኪያልፍ ድረስ ወደ ሰው ደጅ ጠጋ እላለሁ።

ሰኞ ጠዋት የሚሳፈር ሰው ስላገኘሁ ይህን በፖስታ አልላክሁትም። እጅሽ ሲገባ የሆነው ሆኗል። ሌላ ደብዳቤ ከቆየብሽ ልትፈልጊኝ እንዳትመጪ፤ ለእናታችን ሥራ በዝቶበት ነው በያት። ተደብቀው በየቤቱ ለሚጸልዩት ወገኖቻችን እንዲያስቡኝ ንገሪልኝ። ይህንንም አንብበሽ ምድጃ ውስጥ ጨምሪው።

ሁልጊዜ በመጨረሻው አንድ በአንድ ስማችሁን እየጠራሁ ሰላም እላችሁ ነበር። ዛሬ ግን ስም መጻፍ ፈራሁ። ለእናታችን፣ ለአባታችን፣ ለባለቤትሽ፣ ለትልቁ ልጅሽ፣ ለመንታዎቹ፣ ለዚያች የፊት ጥርሷ ለወለቀው፣ ለጎረቤታችን ለአሮጊቷ፤ ማን ማን እንደሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ በያላችሁበት ሰላም ሁኑልኝ። እኔም ማን እንደሆንኩ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ወንድምሽ

አዲስ አበባ
ቅዳሜ፣ ጥር 18 ቀን 1977 ዓ.ም.