ከአንተ ደጃፍ የሚነሳው መንገድ

ውድ አባባ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልህ እትዬ መሆኗን ስለማውቅ አስቀድሜ ከእሷ ጋር ልስማማ። እትዬ፣ መነጽርሽን አድርጊ። ደግሞ አትጩኺበት፤ የታመመው የወንድምሽ ዓይን ነው እንጂ ጆሮው ከሁላችንም ይሻላል። ያልጣመሽን አንቀጽ ዘለሽ ከራስሽ ሌላ አትጨምሪበት። ባለፈው የላክሁትን መልእክት እንዴት አሳምረሽ እንዳደረስሽው ሰምቻለሁ። እኔ «ተቀይሜዋለሁ በይልኝ» አልኩሽ፤ አንቺ «ትስምሃለች» አልሽው።

አሁን ከአንተ ጋር ነኝ፣ አባባ። «እስክጠራሽ ድረስ አትምጪ» ካልከኝ ወዲህ የትምህርት ቤቱ እረፍት አልቆ ክፍል ከተጀመረ ሰነበተ። አንተ ግን አልጠራኸኝም። ያን ቀን ወደ በረንዳው ላወጣህ ክንድህን ብይዝህ ከእጄ መንጭቀህ፣ «ሰው ከተማ ሙሉ ቀይሶ፣ ቀይሶ፣ የገዛ በሩን ሲያጣ ማየት ደስ ይልሻል?» አልከኝ። ደስ አይለኝም። «እንግዲህ የእኔ ዓለም ከዚህ ወንበር እስከ አልጋው ነው» ያልከው ግን ከዚያም ይብሳል። ፈራሁ። ሰው ዓይኑን አጥቶም ይኖራል፤ አንተ ግን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ቀስ በቀስ የምታልቅብኝ መሰለኝ። የምጽፍልህም ለዚሁ ነው፤ ነገሩ የጀመረው ግን ክፍሌ ውስጥ ስለሆነ ከዚያ ልነሳ።

መቼም እንደምታውቀው የሰባተኛ ክፍል ጂኦግራፊ የሚጀምረው በካርታ ነው። ካርታ ማለት የመሬት ገጽ ከላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ሥዕል ነው ይላል መጽሐፉ። ልጆቹ ይሸመድዱታል፣ እኔ አርምላቸዋለሁ፣ በዚያው እንለያያለን። ዘንድሮ ግን አንተ የሣልከውን የከተማውን ካርታ ከመምህራን ማረፊያ አውርጄ ሰሌዳው ላይ ሰቀልኩት። አቧራውን ጠረግሁና፣ «ይህን የሣለው አባቴ ነው» አልኳቸው። ጉራ ነው፤ አዎ፣ ጉራ ነው። በአባቴ ካልጎረርኩ በማን ልጎርር ነው?

ክፍላችን ውስጥ «ዳኛዋ» የምንላት ልጅ አለች። የምትሄደው በሁለት ክራንች ነው፤ ስሟ የወጣላት ግን ማንኛውንም ነገር ሳትመረምር ስለማታሳልፍ ነው። እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄ ካርታ ልክ አይደለም።»

«ምኑ ነው ልክ ያልሆነው?»

«የእኛ ቤት ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው ይላል። ቅርብ አይደለም።»

ደሜ ፈላ። አንተ ባለ ሦስት እግሩን መሣሪያ በትከሻህ ተሸክመህ፣ በጠራራ ፀሐይ ዳገት ስትወጣና ስትወርድ የለካሃቸውን የከፍታ መስመሮች አንድ በአንድ በጣቴ አሳየኋት። «ይኸውልሽ፣ እነዚህ ቀጫጭን መስመሮች ዳገቱን ነው የሚያሳዩት። ሲቀራረቡ ዳገቱ ብርቱ ነው ማለት ነው» አልኳት።

ክራንቿን አስደግፋ፣ አፍንጫዋ ወረቀቱን እስኪነካ ቀርባ አየችው። «አዎ፣ ቀጫጭን ናቸው» አለች። «ደረጃው ግን ቀጭን አይደለም።»

ክፍሉ በሳቅ አወካ። እኔ አልሳቅሁም። «እንግዲያው አንቺ ሣዪልን!» አልኳት። ቆይቼ ደግሞ እሷን ለይቼ የቀጣሁ እንዳይመስል፣ «ሁላችሁም ከቤታችሁ በር እስከ ትምህርት ቤቱ በር ያለውን መንገድ ሥላችሁ ትመጣላችሁ። የምታውቁትን ብቻ» አልኩና ደወሉ ተደወለ። እንዲህ ያለውን የቤት ሥራ አስቤበት ያዘዝኩ እንዳይመስልህ፤ በንዴት ያዘዝኩት ነው።

ወረቀቶቹን ሳያቸው እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። ውሻ የሚፈራ አንድ ልጅ አለ፤ የእሱ ካርታ ላይ ቤት የለም፣ ሱቅ የለም፣ ያለው ውሻ ብቻ ነው። የታሰረ፣ የተፈታ፣ ጠዋት ጠዋት የሚተኛ፣ ሲያዩት ዝም የሚል ሲያልፉት የሚጮኽ። ከአንድ ቤት ወጥተው፣ በአንድ መንገድ መጥተው፣ አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡ መንታ እህትማማቾች አሉ። የአንደኛዋ ካርታ በሙሉ የሰዎች መስኮት ነው፤ የሌላዋ ደግሞ የመንገዱ ድንጋይ፣ የቦይ ክዳንና የተረገጠ የጠርሙስ ቆርኪ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ፤ አንዷ ቀና ብላ ነው የምትሄደው፣ አንዷ አቀርቅራ። አንድ ዓይናፋር ልጅ ደግሞ ሰላምታ ሊሰጥ የሚገባውን ሰው ሁሉ የሚያመልጥበትን ጓሮ ለጓሮ ሥሎ መጥቷል። በአንተ ካርታ ላይ ያ ጓሮ የለም፣ አባባ። አትቆጣ፤ አንተ ከሰው ተደብቀህ ሄደህ ስለማታውቅ ነው።

የዳኛዋን በመጨረሻ ገለጥኩት። ከወረቀቱ ግማሽ በላይ ደረጃ ነው። በየመሃሉ ማረፊያዎቿን ሥላለች። የምትደገፈው ግንብ፣ የምትቀመጥበት የሱቅ ደፍ፣ እስክትደርስ ከዓይኗ የማታጠፋው የኤሌክትሪክ ምሰሶ አለ። ለእሷ መንገድ ማለት ከአንዱ ማረፊያ እስከሚቀጥለው ማረፊያ ነው። ስንት ዓመት ርቀት ሳስተምር ኖሬ ርቀት ምን እንደሆነ ያየሁት ያን ጊዜ ይመስለኛል።

በማግስቱ ወረቀቶቹን ገጣጥመን ከተማዋን መሥራት አማረን። ክፍሉ ስለማይበቃ ኮሪደሩ ላይ ዘረጋናቸው። እምቢ አሉ። የአንዱ ሱቅ በስተግራ ሲሆን የጎረቤቱ ያንኑ ሱቅ በስተቀኝ ያደርገዋል፤ ድልድዩ ተገልብጦ ይመጣል። «ያንተ ነው የተገለበጠው!» «ያንቺ ነው እንጂ!» ተባባሉ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነ። እኔም ቀይ እስክሪብቶዬን አውጥቼ፣ «ሰሜን የት እንደሆነ ያመለከተ አለ?» ብዬ ማርክ ልቀንስ ተዘጋጀሁ። አንድም ልጅ አላመለከተም። ልብ ብዬ ሳይ ሁሉም፣ አንድም ልጅ ሳይቀር፣ የቤቱን በር ከወረቀቱ ግርጌ፣ ትምህርት ቤቱን ከአናቱ አድርጎታል። ከየትም ይምጡ፣ ለእነሱ ላይ ማለት የሚሄዱበት ነው።

ይህን ስነግራቸው ዳኛዋ የክራንቿን ጫፍ ወረቀቷ ላይ አድርጋ መሬት ለመሬት አዞረችው። «እና ሁላችንም አናቱን ወደ መሃል እናዙረው» አለች።

አዞሩት። ወረቀቱ በወረቀት ላይ እየተንሸራተተ፣ ልጆቹ በእንብርክካቸው እየዳኹ፣ ሱቁ ከሱቁ፣ ድልድዩ ከድልድዩ ገጠመ። ትምህርት ቤቱ መሃል ሆነ። ዙሪያውን ከተማዋ ተዘረጋች። ክብ፣ አባባ፣ ክብ ሆነች። አንዱ በዝላይ የሚሻገራት ቦይ ጎረቤቱ ወረቀት ላይ ስትደርስ የምታስፈራ ወንዝ ትሆናለች፣ ቀጥሎ ደግሞ ድምፅ ብቻ፤ ውሃዋ ግን ያችው ናት። ቆሞ የሚነበብ ካርታ አይደለም፤ አንዱን ስታነብ ሌላው ይገለበጥብሃል፣ እየዞርክ ነው የምታነበው። እግዚአብሔር እኛን የሚያየን ከላይ ሆኖ ብቻ አይመስለኝም፤ በየበራችን ቆሞም ሳይሆን አይቀርም። ይህን አሰብኩና እንባዬ መጣ። አልደበቅሁትም።

ዳይሬክተራችን «ማነው መተላለፊያ የዘጋው?» እያሉ መጡ። ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው የራሳቸውን ቤት አዩት። ሦስት የተለያዩ ልጆች አጠገቡ «እዚህ ጋ ፍጠን» ብለው ጽፈዋል። ኩምሽሽ አሉ። ጫማቸውን አውልቀው፣ በካልሲ፣ ወረቀት ላለመርገጥ እየተጠነቀቁ ዙሪያውን ዞሩ። ሲመለሱ ጨዋታቸውም ድምፃቸውም ሌላ ነበር። «ይሄ በኩል ለምን ባዶ ሆነ?» ብለው ጠየቁን።

እውነታቸውን ነው። ክቡ በአንድ በኩል አልገጠመም። ከድልድዩ ማዶ ያሉት ልጆች የሚማሩት ሌላ ትምህርት ቤት ስለሆነ ከዚያ ሰፈር ወደ እኛ የሚመጣ የለም። የአንተ ሰፈር ነው፣ አባባ።

«የቲቸር አባት እዚያ አይደሉ የሚኖሩት?» አለች አቀርቃሪዋ መንታ።

«ያው ካርታውን የሣሉት?» አለች ዳኛዋ። «በቃ፣ ይሣሉልን።»

«አያዩም» አልኩ።

ዳኛዋ ግን መቼ በዚህ ትተዋለች። «መንገዱን ግን ያውቁታል?»

«ከቤት አይወጡም።»

«ማን ከለከላቸው?»

ደወሉ አዳነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ክፍተቱን እኔው ልሙላው ብዬ ወረቀትና እርሳስ ይዤ መጣሁ። ያደግሁበት መንገድ አይደለም? ቃሌን አላፈረስኩም፤ በሩን አላንኳኳሁም፣ ከአጥሩ ውጭ ነው የቆምኩት። ከደጃፍህ ልጀምር ብዬ በሽንቁሩ ሳይ በሩ ሲከፈት ሰማሁ። እትዬ ገበያ ሄዳ ነበር።

አየሁህ፣ አባባ። ይህን ስትሰማ እንደምትናደድ አውቃለሁ፤ እትዬ፣ አትዝለዪው።

ያለ ጫማ፣ በካልሲ ብቻ ወጣህ። እጅህ ግድግዳውን ያዘ። ደረጃውን በእግርህ ጣት ፈልገህ ወረድክ። ከዚያ ግድግዳውን ለቀቅከው። ምንም ሳትይዝ መሃል ግቢ ቆምክ፤ ፊትህን አንዴ ወደ ጎረቤት የቆርቆሮ ክዳን፣ አንዴ ወደ መንገዱ የመኪና ድምፅ አዞርክ። መሣሪያህን ከማቆምህ በፊት ቦታውን ታጠና የነበረው ልክ እንዲህ ነበር። እየለካህ ነበር። ተራመድክ፣ ቆምክ፣ ተራመድክ፣ የግቢው በር ጋ ደረስክ። መቀርቀሪያውን ዳሰስከው፣ አልከፈትከውም። ስትመለስ መንገዱን ሳትክና ከተሰጣው ልብስ ጋር ተጋጨህ፤ እርጥብ አንሶላ ፊትህ ላይ ተጠመጠመ። አሁን ይቆጣል፣ አሁን ይቀደዋል ስል ሳቅክ። ብቻህን ቆመህ፣ አንሶላ ተከናንበህ፣ ከልብህ ሳቅክ። እትዬ፣ አንሶላሽ ላይ ያገኘሽውን የእጅ አሻራ በጎረቤት ልጆች እንዳታሳብቢ።

ከተራራም ከውቅያኖስም የሚበልጥ ነገር በዚያች ግቢ ውስጥ አየሁ። እኔ ቁጭ ብሎ አለቀ ያልኩት ሰው ለካ ማንም ሳያየው አገር እያቀና ኖሯል። የያዝኩትን ወረቀት ቀደድኩት። ያን መንገድ እኔ የምሥለው አይደለም።

ሰኞ ለልጆቹ ነገርኳቸው፤ ሳቅህን ብቻ ለራሴ አስቀረሁ። ተማከሩና ወሰኑ፤ ከወሰኑ ደግሞ የሚመልሳቸው የለም። አርብ ከክፍል በኋላ የግቢህ በር ፊት ለፊት፣ ማዶ ይቆማሉ። እኔን ነው አትምጪ ያልከው፤ ሰባተኛ ክፍልን አላልክም። ደንቡን ዳኛዋ አርቅቃዋለች። ማንም እጅህን አይዝም። ሳትጠይቅ ማንም «ይጠንቀቁ» አይልም። «ቦዩ ጋ ሲደርሱስ?» ብላ ቀና ብላ የምትሄደው መንታ ጠይቃ ነበር። «ይጠይቁናል። ሰው መቼም የሚያስፈልገውን አያጣውም» አለቻት። ፍጥነቱ እንዳያሳስብህ፤ እሷም ቀስ ብላ ነው የምትሄደው።

አንተ እየሄድክ የሰማኸውን፣ የሸተተህን፣ እግርህ የነገረህን ትናገራለህ፤ እነሱ ይሥላሉ። ከወረቀቱ አናት ላይ የሚሆነውንም አንተ ትመርጣለህ፤ የግድ ትምህርት ቤታችን መሆን የለበትም። በሩን ካልከፈትክ ቆይተው ይመለሳሉ። በሚቀጥለው አርብ ደግሞ ይመጣሉ። ክፍተቱን በሌላ ነገር አንሞላውም ብለዋል።

እኔም ካልጠራኸኝ ከሁሉም ኋላ ነው የምሆነው፤ ድምፄን አትሰማም። አንተ ግን መቀርቀሪያውን አንሳው፣ አባባ። ከፊትህ የሚሄድ አንድም ሰው የለም። መሪው አንተ ነህ፤ እኛ ሁላችን ከኋላህ ነን።

ልጅህ፣
ከአጥሩ ውጭ