አቶ ዐብዱልሐሚድ ኑርና ከአንድ ጎን ብቻ የሚላጠው ዛፍ

አቶ ዐብዱልሐሚድ ኑር ከአባታቸው ከአቶ ኑር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጃሚላ በ1903 ዓ.ም. በሐረር ግንብ ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ ተወለዱ። በሰፈራቸው ቁርአን ቤት ገብተው ቁርአንን እስከ መጨረሻው አንብበው አኸተሙ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ትምህርት ያገኙት በአባታቸው የቅመም ሱቅ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ቅርንፉዱ ከየትኛው ጆንያ እንደ ወጣ በማሽተት ይለዩ ነበር ይባላል፤ ይህ ትንሽ ሳይጋነን አይቀርም። አሮጌ ቅመም ከአዲስ ቀላቅለው እንደማይሸጡ ግን ገበያው ይመሰክራል። «ዐብዱልሐሚድ ካለ አለ ነው» ይባል ነበር። ኋላ የከፈሉት በዚህ ስም ነው።

ጣልያን ከከተማው በወጣበት በ1933 ዓ.ም. ሱቁን ተረከቡ። በ1936 ዓ.ም. ወይዘሮ መብሩካን አገቡ፤ በ1941 ዓ.ም. አንድዬ ልጃቸው ዐይሻ ተወለደች።

በእነዚሁ ዓመታት ቅመም ፍለጋ ከከተማ ወጣ ብለው ሲዞሩ ከገበሬው ከአቶ ሙሜ ጋር ተወዳጁ። ከአቶ ሙሜ ማሳ በላይ ባለው ገደል ቅርፊታቸው እንደ ሚጥሚጣ የሚያቃጥል ጥቂት የዱር ዛፎች ነበሩ። በሌላ ስፍራ አይተናል የሚል ሰው አልተገኘም። የአገሩ ሰው ቅርፊቱን ወጥ ያጣፍጥበታል፤ ደረቱን ያመመውም ያኝከዋል። ደንብ ነበረው፦ ከአንድ ጎን ብቻ ይላጣል፣ ቁስሉም በእበት ይመረጋል። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ እንደ ቆመ ይደርቃልና። ቅርፊቱም አይሸጥም፤ ይሰጣል።

በ1953 ዓ.ም. ዐይሻ በደረት ሕመም ወደቀች፤ ደም መትፋትም ጀመረች። አባቷ ሐኪም ቤት ወስደው መርፌ አስጀመሯት። በዚያው ሰሞን ወይዘሮ መብሩካ አቶ ሙሜ ያመጡላትን ቅርፊት በማር እየለወሱ ይሰጧት ነበር። ልጅቱ ዳነች። መርፌው ይሁን ቅርፊቱ ማንም አላወቀም፤ አባቷም አላወቁም።

እዚህ ላይ አቶ ዐብዱልሐሚድ ተሳሳቱ። ለምስጋና አላህ የሚወደስበት ዚክር አዘጋጁና፣ ባለ ቅመም ናቸውና፣ ሰው ሲበተን ለየእንግዳው ቁራጭ ቅርፊት በእጁ ሰጡ። በማግሥቱ ቅርፊቱ «የዐይሻ መድኃኒት» ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ሰው መጥረቢያ ይዞ ወደ ገደሉ ወጣ። ገሚሱ ቤቱ ሕመምተኛ ያለበት ነው፤ ገሚሱ ነጋዴ። ደንቡን የጠየቀ አልነበረም። አቶ ሙሜ ከተማ ገብተው ሱቁ በር ላይ ቆሙና፣ «ዐብዱልሐሚድ፣ እንግዶችህ ዛፎቹን ራቁታቸውን አስቀሩብኝ! የተረፈው ጥቂት ነው፤ አስቁምልኝ» አሉ።

አቶ ዐብዱልሐሚድ ሰውን በልመና ማስቆም እንደማይቻል ያውቁ ነበር። ልጁ የታመመችበት አባት ለዛፍ አይራራም። ሰውን የሚያስቆመው ስማቸው ብቻ ነበር። በደስታም በሐዘንም የሚረዳዱት፣ ሲሞቱም ጀናዛቸውን የሚሸከሙት አፎቻ በሚባለው ማኅበር አብረዋቸው ያሉ ሰዎች በተሰበሰቡበት ተነሡና፣ «ቅርፊቱ ከንቱ ነው። ልጄን ያዳናት መርፌው ነው» አሉ።

ቤቱ ተንጫጫ። «ታዲያ ለምን አስቃምከን?» አለ አንዱ። «አፋችን እንዲሸት ነዋ!» አለ ሌላው፤ ተሳቀ። ጎረቤታቸው አቶ ዓሊዪ ግን አልሳቁም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሐሊማ በዚያው ሕመም ተይዘው ነበር።

«ወላሂ በልና እንመንህ» አሏቸው።

አቶ ዐብዱልሐሚድ አልማሉም። «ያልኩትን ሰምታችኋል» ብለው ተቀመጡ።

ሰው ወደ ገደሉ መውጣቱን ተወ፤ ወደ ሱቃቸው መምጣቱንም ተወ። ወይ ያኔ ዋሽቶናል፣ ወይ አሁን እየዋሸን ነው ተባለ። አቶ ዓሊዪ ግን ሱቁ ድረስ መጥተው ቅርፊት ለመኑ። አቶ ዐብዱልሐሚድም «ሐኪም ቤት ውሰዳት፤ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ» አሏቸው። «ለልጅህ ቅርፊት፣ ለሚስቴ መርፌ?» ብለው ጥለዋቸው ወጡ። ወይዘሮ ሐሊማ ሐኪም ቤት የገቡት ዘግይተው ነበርና በ1955 ዓ.ም. አረፉ። አቶ ዓሊዪ ከዚያ በኋላ ሰላምታ ነሷቸው። አቶ ዐብዱልሐሚድም ከአፎቻው ቀሩ። ማንም አላስወጣቸውም፤ ቀረህ ብሎ የጠራቸውም የለም።

ቀሪውን ዘመናቸውን ከተረፉት ዛፎች ዘር እየለቀሙ፣ ከአቶ ሙሜ ጋር ችግኝ ሲያፈሉ ኖሩ። ብዙው ደረቀ፤ ጥቂቱ ያዘ። የት እንደ ሆነ ይህ ጽሑፍ አይናገርም።

ውጭ አገር የመድኃኒት ቅመማ የተማረው የወንድማቸው ልጅ ዐብዱኑር በ1962 ዓ.ም. ሲመለስ ቅርፊቱን ለምርመራ ጠየቃቸው። «ከደረቁት ውሰድ» አሉት። ለዓመታት ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀበት ቅርፊት ማቃጠሉንም ትቶ ነበርና ምርመራው ምንም አልፈታም። «እውነቱን ይንገሩኝ፣ ያዳናት የቱ ነው?» ቢላቸው፣ «አንተ ባሕር ተሻግረህ ያላገኘኸውን ከእኔ ሱቅ ትፈልጋለህ? ያዳናት አላህ ነው፤ ሰበቡን ግን አልነገረኝም» አሉት። መልሱ አላረካውም። ዛሬም አላረካውም።

በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በልብ ድካም አልጋ ላይ ሲውሉ አቶ ዓሊዪን አስጠሩ። መጥተው በሩ አጠገብ ቆሙ።

«ዓሊዪ፣ ያን ቀን ከንቱ ነው ያልኩት ዛፎቹ እንዲተርፉ ነው። ከንቱ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ያልማልኩትም ለዚያ ነው። ሐሊማን ሐኪም ቤት ውሰድ ያልኩህ ግን ከልቤ ነው፤ ዐይሻንም አስቀድሜ የወሰድኳት እዚያ ነው። አፉ በለኝ።»

አቶ ዓሊዪ ከቆሙበት ፊታቸውን አዙረው ወጡ። አቶ ዐብዱልሐሚድ ቤተሰቡ እውነቱን በዚህ ጽሑፍ በለቅሶው ላይ እንዲያነብ፣ የችግኞቹን ቦታ ግን እንዲሰውር ያዘዙት በዚያው ቀን ነው።

አቶ ዐብዱልሐሚድ ጥር 14 ቀን 1965 ዓ.ም. ማለዳ ወደ አኼራ ሄዱ። ቤተሰቡን የጨነቀው ማን ይሸከማቸዋል የሚለው ነበር። የአፎቻው ሰዎች መጡ፤ ከፊት አቶ ዓሊዪ ነበሩ። በወጋችን ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ምንዳው ለሁሉም እንዲዳረስ ጥቂት ሄዶ ቦታውን ለሌላ ይለቃል። አቶ ዓሊዪ «ልቀበልዎ» ሲባሉ አልለቀቁም። አፉ ብያለሁ አላሉም። እስከ መቃብሩ አፍ ድረስ ግን ቦታቸውን ለማንም አልሰጡም።

ከኋላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ መብሩካ፣ ዛሬ የልጆች እናት የሆነችው ልጃቸው ዐይሻ፣ የወንድማቸው ልጅ ዐብዱኑርና የገደሉ ወዳጃቸው አቶ ሙሜ አሉ።

አላህ መቃብራቸውን ያስፋላቸው። በዱንያ ያጎደሉትን ስም በአኼራ ይሙላላቸው። ሲያድጉ ካላዩአቸው ችግኞች ወፍም ሰውም በተጠቀመ ቁጥር ሰደቃ ሆኖ ይጻፍላቸው። ከእነዚያ ዛፎች የሚደርስ ሰው ቢኖር፣ ስለ እሳቸው ብሎ፣ ከአንድ ጎን ብቻ ይላጥ። አሚን።