ከጣራው ሥር ያለ ወንበር

መጋቢት ፳፩ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.፣ ጉለሌ

ቲኬቱ መጣ።

የልጆቼ እናት፣ እንዴት ሰነበትሽ? የሙሎ ብርድ እንዴት አድርጓችኋል? የትንሿ ሳል ለቀቃት ወይ? ወንድምሽ ቶለሳስ ጉልበቱን ተሻለው? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ቤቱም ደኅና ነው። ዶሮዎቹን ለጎረቤት ሰጥቻለሁ። ድመቷ ግን እኔን የምትፈልገኝ አትመስልም፤ ከሄድሽ ወዲህ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች እንጂ አትገባም።

ይህን ደብዳቤ ማንም እንዳያነብልሽ። አባትሽ ፊደል ያስቆጠሩሽ ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።

በበርበሬ ነጋዴዋ በዓሊማ የላክሽብኝ ቃል ደርሶኛል። በርበሬዋን ደጄ ላይ አውርዳ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ «ባለቤትዎ ‘ሰውዬው መርከብ አማረው እንዴ?’ ብላለች» አለችኝ። ከዚያ ጠጋ ብላ የቀረውን ነገረችኝ። የቀረውን እዚህ አልጽፈውም፤ ያልሽውን ታውቂዋለሽ። ባጭሩ «እኛን በየካቲት አስወጥቶ እሱ ምን ይጠብቃል» ነው ነገሩ። ግማሹን ሳልነግርሽ የቀረሁት ኬላ ላይ ቢይዙሽ የምትናገሪው እንዳይኖርሽ ብዬ ነው። አሁን ተሻግረሻል፤ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

በኅዳር እኔን፣ መሸሻንና ደበላን ከደብራችን መርጠው ጣሊያኖቹ ቢሮ የጠሩን ጊዜ ትዝ ይልሻል። የጠራን ሲኞር ጋሎ የሚባል ወፍራም ጸሐፊ ነው፤ ደረጃ ሲወጣ እንደ ወናፍ ይተነፍሳል። አስተርጓሚው የኛው ሰፈር ይገዙ ነው። ናፖሊ በሚባል የባሕር ዳር ከተማ በግንቦት ትልቅ ኤግዚቢሽን ይከፈታል፣ እዚያ የኛን አገር መንደር እየሠሩ ነው፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ይሸምናሉ፣ እናንተ ደግሞ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ማህሌት ትቆማላችሁ አለን። በየቀኑ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሕዝብ ከፍሎ እየገባ።

«ቤተ ክርስቲያኑ የማን ታቦት ያለበት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ይገዙ ተረጎመ። ሲኞር ጋሎ ሳቀ። ከእንጨትና ከካርቶን የተሠራ ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው አለ። መሸሻ መሬት መሬት አየ።

እምቢ ማለት አይቻልም ነበር። ከኛ በፊት እምቢ ያለው ሸማኔ የት እንደ ገባ ሚስቱ እስከ ዛሬ አታውቅም። አንቺና ልጆቹም ያን ጊዜ እዚሁ ነበራችሁ። ስለዚህ እምቢ አላልሁም። እንዲህ አልሁ፦ እሄዳለሁ፤ እነሱ የኛን ሲሰሙ ግን እኔም የነሱን ልስማ። ኦፔራ የሚሉትን። ደጅ ቆሜ አይደለም፤ እንደ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በስሜ በተቆረጠ ቲኬት። ቲኬቱን እዚሁ ሳላየው አልነሣም።

ይገዙ ዞሮ አየኝ። «መሪጌታ፣ ይሄን ልተርጉመው ወይስ ሰውዬው አብዷል ልበለው?»

«ተርጉመው» አልሁት።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። እዚህ አዲስ አበባ ጥቁር ከነጭ ጋር ሲኒማ ቤት አይቀመጥም፤ ሕግ አውጥተውለታል። ስለዚህ ወረቀቱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ አይሆንም ተብሎ ይመለሳል፣ እኔ ቃሌን አላጥፍም እላለሁ፣ እንደ ገና ይሄዳል። በዚህ መሀል ወራት ያልፋሉ ብዬ አሰብሁ። ያላሰብሁት ሰውየውን ነው። ሲኞር ጋሎ ፊቱ ቀልቶ ከወንበሩ ተነሣ። በጥፊ ሊመታኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስሁ። ጠረጴዛውን ዞሮ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። ከጨበጠኝ በኋላ ሰው አይቶት እንደ ሆነ በሩን ተመለከተ።

ኦፔራ ያበደለት ሰው ኖሯል። ግራሞፎኑን ከአገሩ ድረስ ይዞት መጥቷል፤ ቢሮው ውስጥ ከማኅተሙ አጠገብ ነው የሚያስቀምጠው። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ረቡዕ ይጠራኝ ጀመር። ቲኬት እንዴት እንደሚያዝ አስረዳኝ። በነሱ አገር ዘፈን ተነሥተሽ የምትሄጂበት ነገር አይደለም። ከወራት በፊት ይጻፋል። የትኛው ቀን፣ የትኛው ረድፍ፣ የትኛው ወንበር ተብሎ ይመረጣል። ወንበሩ ሁሉ ቁጥር አለው። በሩ ከተዘጋ በኋላ የመጣ ሰው ባላባትም ቢሆን መንገድ ላይ ይቀራል። እኔም የኛን ነገርሁት። የፈለገ በፈለገው ሰዓት ይገባል፣ ቦታ የሚሸጥ የለም፣ እንቅልፍ የያዘው ግድግዳ ተደግፎ ይተኛል አልሁት። የትንሣኤ ለት አንቺ ጥጉን ይዘሽ ስታንኮራፊ ዜማ እንዳሳትሽኝ ግን አልነገርሁትም።

ነገሩ የተለወጠው ወንበሩን ለማስያዝ ቀን ሲያስፈልግ ነው። «የምንደርሰው መቼ ነው?» አልሁት። ይህ ምሥጢር ነው አለ። «እንግዲያው ለየትኛው ቀን ሊያስይዝልኝ ነው? በሌላ ቀን ብንደርስ ወንበሩ ባዶውን ሊቀር ነው በለው» አልሁት ይገዙን። ባዶ ወንበር የሚለው ነገር ሰውየውን አመመው። ብድግ ብሎ በሩን ዘጋ፤ መሳቢያውን ከፈተ፤ አነበበልን። ካሚዮኑ ከአዲስ አበባ የሚነሣው መጋቢት ፳፰፣ መርከቡ ከምጽዋ፣ ናፖሊ የምንደርስበት ቀን ይህ፣ ኦፔራው በደረስን በአራተኛው ቀን። ይገዙ ሲተረጉም ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«የካቲት ሳያልቅ ልጆቹን ይዘሽ ወንድምሽ ዘንድ ሂጂ» ያልኩሽ ከዚያ ቢሮ በወጣሁበት ቀን ነው። ለምን ብለሽ ጮኽሽብኝ፣ አልመለስሁልሽም። አሁን መለስሁልሽ።

መሸሻና ደበላም ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ በአንድ ወጥተዋል። ለሲኞር ጋሎ የዘመድ ተዝካር አለባቸው፣ ይመለሳሉ ብዬዋለሁ። አመነኝ። እኔ እስካለሁ ድረስ የተቀሩት ይመጣሉ ብሎ ነው የሚያስበው፤ ስለ ቲኬቱ በየሳምንቱ የሚጠይቅ ሰው ይጠፋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? እስከ ዛሬ የቆየሁት ለዚህ ነው። ሦስታችንም ባንድ ቀን ብንጠፋ የሙሎን መንገድ ያስሱት ነበር፣ እናንተም ገና መግባታችሁ ነው። መርከብ አምሮት ነው አትበይ።

ግራሞፎኑን አዳምጬ እንደ ሆነ ትጠይቂኝ ይሆናል። አዳምጫለሁ። ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ጆሮ መድፈን አይቻልም። ወንበር የተያዘልኝ የዚያ ኦፔራ ታሪክ እንዲህ ነው፦ አንድ ደወል ሠሪ አለ፤ ዳኛው ሴት ልጁን ይወስድበታል። አባትየው መጥረቢያ ይዞ ዳኛው ቤት ይገባና፣ መጥረቢያውን አንሥቶ፣ ከመምታት ፈንታ ይዘፍናል። ብዙ ነው የሚዘፍነው። ይገዙ «ይሄኔ የኛ አገር ዳኛ ቢሆን ሮጦ ሱሉልታን አልፎ ነበር» ሲል ሲኞር ጋሎ ምን አለ ብሎ ተቆጣ። ይገዙም «በጣም ያሳዝናል ነው ያልሁት» አለው። ሳቅሁ። ግን ሰውየው ዜማ ያውቃል። አንድ ቦታ ላይ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል ስትዪ ዝቅ ያደርገዋል፣ ያኔ መጥረቢያው ይበልጥ ይታይሻል። የኔታ እንዲህ ያለውን ነገር ሊያስተምሩኝ ስንት ዓመት ደክመዋል።

የመጨረሻው ክፍል ያለበት ሸክላ መንገድ ላይ ተሰብሮበታል። ይመታዋል ወይስ አይመታውም ብዬ ጠየቅሁት። አልነግርህም፣ ወንበርህ ላይ ሆነህ ታየዋለህ አለኝ። በሚቀጥለውም ረቡዕ ጠየቅሁት። ለጨዋታ ያህል ነው።

ጾሙ ከገባ በኋላ የሲኞር ጋሎ አለቃ መጣና ከበሮ ስንመታ ማየት እፈልጋለሁ አለ። በዐቢይ ጾም ከበሮ አይነካም አልሁ።

«በቀስታ ይምቱት ይላል» አለኝ ይገዙ።

«በቀስታ የተጎረሰ ሥጋም ጾም ይገድፋል በለው።»

አለቃው በቅሎ ብሎ ሰደበኝ። ሲኞር ጋሎ ግን ተነሥቶ ተከራከረልኝ። እሱም እንደ እኔ የዜማ ሰው ነው፣ ተዉት አለ። ይገዙ ይህን ሲተረጉምልኝ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ዛሬ ጠዋት ተጠራሁ። ሲኞር ጋሎ ቆሞ ጠበቀኝ። በሁለት እጁ ነው የሰጠኝ። ወፍራም፣ ወተት የመሰለ ወረቀት ነው፤ ስሜ በነሱ ፊደል ተጽፎበታል። የእህቱ ባል የኦፔራው ቤት በረኛ ነው፤ አይሆንም ሲሉት እየተመለሰ፣ ሲቆጡት እየለመነ አስቆርጦታል። ወንበሩ ከሁሉ በላይ፣ ከጣራው ሥር፣ ምሰሶ አጠገብ ነው። በረኛው የሚያየው ወረቀቱን ነው፣ መብራቱ ከጠፋ ደግሞ ማን ማንን ያያል አለ ሲኞር ጋሎ። ቀጥሎም፣ እኔ ራሴ ድሀ ሳለሁ እዚያው ላይ ነበር የምቀመጠው፣ የታችኞቹ ሀብታሞች ዘፋኙን ያያሉ፣ ድምፁን የምንሰማው ግን እኛ ነን፣ ድምፅ ወደ ላይ ነው የሚወጣው አለኝ። እውነቱን ነው። ይህን ማንም ዜማ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል።

ደስ እንዲለኝ ቆሞ ጠበቀኝ። ይገዙ ፊቱን ሳይለውጥ በአማርኛ «እንግዲህ ምን ይላሉ መሪጌታ? ጉድጓዱን እርስዎ ቆፍረው እሱ ወንበር አስቀመጠበት» አለኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ በለው» አልሁት። ከልቤ ነው ያልሁት።

አልሄድም። ወንበሩን አንሶብኝ እንዳይመስልሽ፤ ወንበሩ ጥሩ ነው። የኔታ በሃያ ዘጠኝ ግንቦት ደብረ ሊባኖስ ነበሩ። ከእነማን ጋር እንደ ቀሩ ታውቂያለሽ። እሳቸው ያስተማሩኝን ዜማ፣ እሳቸውን ለገደለ መንግሥት፣ ባዶ ካርቶን ፊት፣ ምሳ በልቶ ለመጣ ሰው አላዜምም። ወንበር ቢሰጡኝ አላዜምም፤ ዙፋን ቢሰጡኝም አላዜምም። ሲኞር ጋሎ ማንንም አልገደለም፣ አውቃለሁ። ወረቀቱን የሚጽፈው ግን ለገደሉት ነው። ለሱ የገባሁትን ቃል አጥፌአለሁ፤ እግዚአብሔር ቢጠይቀኝ እመልሳለሁ፣ እነሱ ቢጠይቁኝ አልመልስም።

አሁን ያለሁት ሽሮ ሜዳ ነው፣ ልብስ ሰፊው ሳቢት ቤት። ለናፖሊ የምንለብሰውን ካባ እንዲለካኝ ነው የላኩኝ። ከሩቅ እንዲያብረቀርቅ ወርቀ ዘቦ በዝቶ ይደረግበት ተብሏል። ሳቢት «ይሄ ለቤተ ክርስቲያን ነው ለሠርግ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ለሁለቱም አይደለም» አልሁት። ትከሻዬንና ግራ እጄን ለክቶ ሶላት ደርሶበት ወደ ጓዳ ገባ። የምጽፈው ጨርቅ በሚቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ፣ በሱ ወረቀት ነው። ምንም አያውቅም።

ይገዙ ከዓይንህ እንዳይጠፋ ተብሎ አብሮኝ መጥቶ ነበር። ደጅ ትንሽ ቆመና «መሪጌታ፣ ጥርሴን አሞኛል፣ መድኃኒት ገዝቼ እስክመለስ እዚሁ ይቆዩኛል አይደል?» አለኝ። «የት እሄዳለሁ?» አልሁት። ጥርሱን ግን አሞት አያውቅም። ይህን ልጅ ስናማው የኖርነውን ሁሉ ተዪው።

ዓሊማ ከማዶ ጆንያዋን እያራገፈች ነው። ዛሬ ትመለሳለች፤ ደብዳቤውን በርበሬ ውስጥ ትቀብረዋለች። ኬላ ላይ ያሉት ወታደሮች ጆንያዋን ከፍተው ሲያስነጥሳቸው ይለቋታል። እኔ በኬላው መንገድ አልመጣም። በእንጦጦ ጫካ ዞሬ መሸሻና ደበላ ካሉበት እደርሳለሁ። መንገድ ላይ ወጥተሽ አትጠብቂኝ፤ ልጆቹንም አታስጠብቂ። የመጣሁ ቀን ትሰሚያለሽ። ጠያቂ ቢመጣብሽ ባሌ ባሕር ማዶ ኦፔራ ሊያይ ሄዷል፣ ቲኬቱን ራሳችሁ ቆርጣችሁለት የለም ወይ በያቸው።

ቲኬቱን እዚህ ውስጥ አጥፌ ከትቼዋለሁ። ደብዳቤውን እንዳነበብሽ አቃጥዪው። ቲኬቱ ግን ወፍራም ነው፣ ቶሎ አይነድም፤ ሣጥን ውስጥ ከልብስሽ ሥር ይቀመጥ።

እመቤታችን ደጅሽን ትጠብቅ። ልጆቼን ክፉ ዓይን አይያቸው፣ ክፉ ወሬ አይድረሳቸው። የወንድምሽን ጉልበት ያጽናው፤ ያስፈልገናል። የትንሿን ደረት በቅቤ አሺልኝ። ለታላቁ ውዳሴ ማርያሙን እንዳያቋርጥ ንገሪው፤ ማን ያስጠናኛል ቢልሽ እኔ አለሁ በዪው።

ሳቢት ሶላቱን ጨርሷል መሰለኝ፤ ከጓዳ «ቀኝ እጅዎ ቀርቷል፣ መጣሁ» ይለኛል። በአንድ እጅጌ ይስፉት።

ወጣሁ።

የልጆችሽ አባት