ካፖርት ሳይወልቅ የተሰጠ ደረጃ

ጌቲን፣

ባለሙያዎቹ የሙቀት መለኪያዎቹን በየክፍሉ ሰቅለው ሄደዋል። ሦስት ሳምንት እንዳትነካቸው። በአዲሱ አሠራር ቤቱ ሙቀት መያዝ አለመያዙን የሚመሰክሩት እነሱ ናቸው፤ እንደ ድሮው ገምጋሚ አይቶ የቤቱን ደረጃ በግምት አይሞላም።

አምና ገምጋሚው አንተ ነበርክ። ቤታችንን ግማሽ ሰዓት ዞረህ፣ ካፖርትህን እንኳ ሳታወልቅ፣ "ጥሩ" ብለህ ፈረምክ።

ከሥራ ስትገባ ሁልጊዜ "አላልኩሽም? ይሞቃል እኮ" ትለኝ ነበር።
የቁልፍህን ድምፅ ስሰማ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዬን አልጋ ሥር እደብቀው ነበር። በሙያህ እንዳታፍር ብዬ ነው። ቀድሜ ልነግርህ ይገባ ነበር።

የበጉ ሾርባ ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ።

ማሞቂያዬን ይዤ ባላ ከተማ፣ እህቴ ጋ ሄጃለሁ። መለኪያው እንደኔ ይሉኝታ አያውቅም።

ካፖርትህ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል።

ኔሪስ