የማታለቅሰው እህቴ

ረቡዕ፣ ኅዳር 29፣ ከት/ቤት መልስ

ዛሬም ያው። ጠባች፣ ተወች፣ አለከለከች። ጠባች፣ ተወች፣ ተኛች። እማዬ ጡቷን እንደያዘች ቀረች፣ እኔ የሒሳብ የቤት ሥራዬን እንደያዝኩ። ሁለታችንም አልጨረስንም።

ደብተሬ፣ እህቴን አላስተዋወቅኩሽም። ትዕግሥት ትባላለች፤ ሁለት ወር ሆናት። ስሙን ያወጡላት የአባዬ ታላቅ እህት እትዬ አልማዝ ናቸው፣ ስለማታለቅስ። «እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ! ጎረቤት እንኳ መወለዷን አላወቀም» ይላሉ። እኔ በእሷ ዕድሜ ቦሌ ከሚያርፈው አውሮፕላን እብስ ነበር አሉ። ስለዚህ ባለጌ ነኝ።

እማዬን ሊያርሱ ከመጡ ጀምሮ የቤቱ ሊቀ መንበር እሳቸው ናቸው። በአንቺና በእኔ መሃል ይቅርና፣ ጓድ አክስት ብያቸዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 5

ስትጠባ ላብ በላብ ትሆናለች። ግንባሯ፣ አንገቷ፣ ያቺ ሦስት ፀጉሯ ሳትቀር። ጓድ አክስትን ጠየቅኩ። ልብስ በዝቶባት ነው አሉ። ልብሱን የደራረቡት እሳቸው! አንዱን ላንሣ ስል ደግሞ ብርድ ልታስመቺያት ነው ብለው ተቆጡ። ከሁለቱም በኩል ድል አድራጊ።

አባዬ ከመሥሪያ ቤት ወደ ቀበሌ ውይይት፣ ከውይይት ወደ አልጋ። ነገርኩት። «እናየዋለን» አለ። አባዬ ሁሉን ነገር በይደር ነው የሚይዘው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 17፣ ከሰዓት

ክርስትና ተነሣች። ጾም ላይ ስለዋለ ድግሱ ሽሮ። ጓድ አክስት በሽሮው መቅጠን የክርስትና እናቲቱን ሊያስለቅሷት ምንም አልቀራቸው።

ግን ሌላ ነገር ልንገርሽ። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሌሎቹ ሕፃናት ውኃው ሲነካቸው ጣሪያ ሊያስነሡ ነው። የእኛዋን ቄሱ ሲያወጧት አንዴ «እኝ» አለች፣ በቃ። ሴቶቹ «እዩዋት ጨዋዋን!» ተባባሉ። እማዬ በነጠላ ብቻ ጠቅልላ ልታጠባት ጥግ ይዛ ተቀመጠች። የትዕግሥትን እጅ ያዝኩት፤ በረዶ። ግንባሯን ነካሁት፤ ላብ። በዚያ ብርድ፣ ያለ ልብስ፣ ላብ!

ነጠላውን ገለጥ አደረግኩ። በተነፈሰች ቁጥር የጎድን አጥንቶቿ መሃል ስርጉድ፣ ስርጉድ ይላል። የጎረቤት ውሻ ሮጦ ሲመጣ እንደዚያ ነው። እሷ ግን የት ሮጣ?

ያኔ ገባኝ። ጨዋነት ብለን ስናደንቅላት የከረምነው አቅም ማጣቷን ነው። ለማልቀስ ትንፋሽ የላትም።

ቀኑን ሙሉ አንድም ቀልድ አልመጣልኝም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 19

እማዬን ለመንኳት፣ እማዬ አባዬን ለመነችው፣ አባዬ ከሥራ ፈቃድ ጠየቀ (ተአምር)። ሆስፒታል ሄድን።

ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ቆየ። በጣም ቆየ። በኋላ ወረቀት ላይ ሥሎ አሳየን፦ በልቧ ክፍሎች መሃል ያለው ግድግዳ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ደሙ በዚያ እያመለጠ እንደገና ወደ ሳንባዋ ይሄዳል። ለእሷ መጥባት ዳገት መውጣት ነው። ላቡም፣ ማለክለኩም፣ አለመወፈሯም ከዚያ ነው አለ።

ብዙ ትናንሽ ቀዳዳዎች በራሳቸው ይዘጋሉ አለ። አባዬ «ካልተዘጋስ?» ብሎ ጠየቀ። ቀዶ ጥገናው እዚህ የለም፣ ውጭ አገር ነው አለ ሐኪሙ። አባዬ «እናየዋለን» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። አላለም። ቢል ይሻለኝ ነበር።

የሚጠጣ መድኃኒት ታዘዘላት። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ማጥባት። ከንፈሯ ከጠቆረ ወይ መጥባት ካቆመች ይዞ መሮጥ። አለበለዚያ በወሩ መመለስ። ሌላስ? ሌላ የለም። መጠበቅ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 20

ጓድ አክስት ፍርድ ሰጡ። «መርፌ ያልወጋ ሐኪም ምኑ ሐኪም ነው? የልብ ቀዳዳ! ወንፊት መሰለችው እንዴ?» እንጥሏ ወርዶ ነው፣ ለዚህ ነው መዋጥ ያቃታት አሉ። ገርጂ እንጥል የሚቆርጡ ሴትዮ ያውቃሉ። ቅዳሜ ጠዋት ራሳቸው ሄደው ያመጧቸዋል።

አባዬን አየሁት። እሱ ጫማውን ያያል። ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ፊት ቃል አይወጣውም።

እኔ አፌ መቼ ያርፋል። እትዬ፣ እርስዎን ጉልበትዎን ሲያምዎት ጆሮዎን እንቁረጥልዎት? አልኳቸው። ጥፊ። የሚገባኝ ጥፊ። ግን መትተውኝ ሲያበቁ እሳቸው ናቸው ያለቀሱት። የእሳቸውም ልጅ እንዲሁ አልጠባ ብላ፣ እንዲሁ እያለከለከች ሞተችባቸው። ያኔ ቆራጭ ሳልጠራላት ዘገየሁ ብለው እስከ ዛሬ ያምናሉ።

ልጅ እንደነበራቸው አላውቅም ነበር። ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ጉንጬ ይግላል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 22፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ

ትዕግሥት ዛሬ ሁለቴ ብቻ ጠባች። ከንፈሯን በየደቂቃው አያለሁ። ካየሁት ብዛት ቀለሙ ጠፋብኝ፤ ጠቆረ? አልጠቆረም? መብራት ሥር ወሰድኳት። አልጠቆረም መሰለኝ።

እማዬ ቅድም ጨርቅ እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል፦ «ነገ እትዬ ገርጂ ሲወጡ እኔ ውኃ ልቀዳ ቦኖ እወርዳለሁ። ሰልፉ ረጅም ነው፣ እቆያለሁ። በሩ ከውስጥም ይቀረቀራል።» ትዕግሥት ከእኔ ጋር ትቀራለች ማለት ነው።

ነገ የወጣት ማኅበር ስብሰባ አለ፤ የቀረ ይጠየቃል። ይጠይቁኝ። አልሄድም።

ሴትዮዋ ሲያንኳኩ አልፈራም። የምፈራው እትዬ አልማዝ በሩ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ ነው። ምን እንደምላቸው አላውቅም። ቀዳዳው ይዘጋ አይዘጋ አላውቅም። ትዕግሥትም እንደ ልጃቸው ብትሞት፣ በእኔ ምክንያት ሞተች ይሉኛል፤ ያንንም አውቃለሁ። ግን አልከፍትም። ቢለምኑኝም፣ አባዬን ቢጠሩም…

ነቃች። ጡት ፍለጋ አፏን ከፈተች። ላቧን የምጠርግበት ጨርቅ የት…