ወደ ውስጥ የሚባል «አዎ»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4/2005፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ከአማኑኤል ከተማ መልስ። ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቄ፣ አንገቴን ደፍቼ። ኮምፒዩተሬ በአማርኛ ይጠይቃል፤ ገበሬው አዎ ወይም አይደለም ይላል፤ ለታመመ ከብቱ ምክር ያገኛል። በቃ፣ ይኸው ነው። ደ/ማርቆስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተማሪዎቼ ሲሞክሩት አንድም አልሳተ። ዛሬ አማኑኤል የገበሬዎች ማሠልጠኛው ድረስ አያ ቢያድግልኝ በሬያቸው ታሞ መጡ። «በሬዎ ያስላል?» ዝም። «አልሰማሁም፤ እባክዎ ይድገሙ።» አራት ጊዜ! አምስተኛው ላይ ብድግ አሉ። ደንቆሮ ነው አሉኝ። ጆሮውን ይሁን ጭንቅላቱን፣ አልጠየቅኋቸውም።

አለቃዬም ቁርጡን ነገረኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ መጥቶ ያያል። አምስት ገበሬ ያለ እኔ እርዳታ ጥያቄውን መልሶ ካልጨረሰ ማሽኑ መጋዘን፣ እኔ ታይፕ ማስተማር። ሁለት ዓመት የለፋሁበት! ተናድጃለሁ። በአያ ቢያድግልኝም ጭምር። ምናለ አንዲት አዎ ቢሉ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 5፣ ጠዋት 3 ሰዓት

የትናንቱን ቅጂ ሰማሁ። ከየጥያቄው ቀጥሎ አጭር የነፋስ ድምፅ አለ። ፕሮግራሙ ጫጫታ ብሎ ጥሏታል። «ጫጫታ ጣል» ብዬ ያዘዝኩት እኔው ነኝ። ሦስቴ ደግሜ ሰማሁት።

አንተ ደብተር፣ ነፋስ አይደለም! ትንፋሽ ነው። ሰውዬው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው አዎ ብለዋል። እንደ እናቴ። እንደ እኔ! አራቴ መለሱ፣ አራቴ አልሰማሁም ተባሉ። ደንቆሮዋስ እኔ። ማሽኑን ሳስተምረው ተማሪዎቼን «አዎ» ብዬ ጽፌ ነበር ያስነበብኳቸው፤ ትንፋሽ ከወረቀት አይነበብ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

መቅጃ ይዤ ገበያ ወጣሁ። አዎ በሉልኝ ስላቸው ሁሉም አፋቸውን ሞልተው «አዎ!» አንድ ሰው እንኳ ወደ ውስጥ አልሳበም። ተጠይቆ የሚሰጥ ነገር አይደለም ለካ። ስድስት ቀን ቀረኝ። ፈራሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ትናንት የሚካኤል ንግሥ። ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ድምፃቸውን እንደምቀዳ ነግሬ፣ አስፈቅጄ፣ ጨዋታ ጀመርኩ። ስለ ጤፉ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ ልጆቻቸው። መቅጃውን ረሱት። ከዚያማ ትንፋሹን አዘነቡልኝ! አንዲት እናት አንድ ቃል ሳያወጡ ጨዋታውን ጨረሱት። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ማሽኑን ሳስተምር ዋልኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 14፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

አምስቱም! አምስቱም ጨረሱ!

አያ ቢያድግልኝን ለምኜ ነው ማሠልጠኛው ያመጣኋቸው። በሬያቸውን ሐኪም አይቶላቸው ድኗል፤ ዛሬ ስለታመመች ላማቸው ነው። ማሽኑ ጠየቀ። ትንፋሻቸውን ሳቡ። ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፈ! ቀና ብለው አዩኝ፤ ሰማ እኮ አሉ። አለቃዬ ማሽኑ እዚሁ ይቀመጥ አለ። እልል አልኩ። በሥራ ሰዓት፣ መ/ርት ሆኜ፣ እልል!

ግን አያ ቢያድግልኝ ምክሩን ሰምተው አልተነሡም። ለማሽኑ ያወሩለት ጀመር። ላሟን ከየት እንደገዟት፣ እናቷ ምን ያህል ትታለብ እንደነበር። ማሽኑ ዝም። ዞረው ተቆጡኝ፦ «እኔ ስንት ሰዓት ሰማሁት! ሰው ሲያወራለት እንኳን ‹እህ› አይልም?»

አለቃዬ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ እውነታቸውን ነው። ሰኞ በመጀመሪያው ሚኒባስ አማኑኤል እመለሳለሁ። ፕሮግራሙን አልነካም። ቁጭ ብዬ ሰው ሰውን እንዴት እንደሚያዳምጥ አያለሁ።